መካሪና በረኛ

ሰው በዘመኑ ከሚሠራቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ቢበላሹ የሚታረሙ ናቸው። ያለ ጊዜው የተዘራ ማሳ በሚመጣው ክረምት እንደ ገና ይዘራል፤ በርካሽ የተሸጠ በሬ በሌላ በሬ ይተካል፤ በችኮላ የተነገረ ክፉ ቃል እንኳ በሽማግሌ ይታረቃል። ጥቂቶቹ ሥራዎች ግን ከተፈጸሙ በኋላ ወደ ነበሩበት አይመለሱም። የተቈረጠ ዝግባ በቈረጠው ሰው ዕድሜ ተመልሶ አይቆምም። አባቶቻችን «አሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ያሉት ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምሳሌ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ይኸውም ነገሩ የባለቤቱ የገዛ ሰውነቱ በሆነ ጊዜ የሚለካው ማን ነው? ባለቤቱ ራሱ ነውን? ወይስ ሌላ ሰው ለክቶ «እሺ» ሊለው ያስፈልጋል?

ይህ ጥያቄ በዘመናችን አጥብቆ የተነሣው ስለ አንድ የሕክምና ዓይነት ነው። ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት፥ ወይም ሴት ተብለው ተወልደው እንደ ወንድ ካልኖሩ በስተቀር ሕይወታቸው የራሳቸው መስሎ የማይሰማቸው ሰዎች አሉ። በአያሌ የውጭ አገሮች ሐኪሞች ለእነዚህ ሰዎች ሆርሞን ይሰጧቸዋል። ክርክሩም ሆርሞኑ ከመጀመሩ በፊት ሰውየው ወደ ሥነ ልቡና መካሪ ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ግድ ይሁን ወይስ አይሁን የሚል ነው።

«ይህ ነገር ለይጁቤ ምኗ ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አያጠራጥርም። እውነት ነው፤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በባሶ ሊበን ወረዳ ባለችው በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ ሕክምና የሚሰጥ የለም፤ በአገራችን ሆስፒታሎችም የተለመደ አይደለም። ነገር ግን የጎጃም ልጅ ዛሬ በጎጃም ብቻ አይኖርም። በዋሽንግተንና በቶሮንቶ፥ በለንደንና በስቶክሆልም ልጆቹን የሚያሳድግ ያገራችን ሰው ብዙ ነው፤ አንድ ቀን ከልጁ አፍ ይህን ነገር የሰማ አባት ምን ልመልስ ብሎ መጨነቁና ምክር ፍለጋ ወደ አገሩ መደወሉ አይቀርም።

ደግሞም እንዲህ ያሉ ሰዎች በባዕድ አገር ብቻ የበቀሉ አይደሉም። ሲሞን መሲንግ የተባለው አሜሪካዊ በ1957 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ደጋው አማራ ባቀረበው ጥናት በወንድና በሴት መካከል ሆነው ይኖሩ ስለ ነበሩ ሰዎች ጽፏል። ዶናልድ ዶንሃም የተባለው ሌላው ተመራማሪም በደቡብ ኢትዮጵያ በማሌ ሕዝብ መካከል ሲያጠና፥ ወንድ ሆነው ተወልደው የሴት ልብስ የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ፥ በማሌኛም «አሽቲሜ» የሚባሉ ሰዎች በጥንት ጊዜ በማሌ ንጉሥ ጥበቃ ሥር ይኖሩ እንደ ነበር መዝግቧል። እንግዲህ አዲሱ ነገር መድኃኒቱ እንጂ ሰዎቹ አይደሉም። (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ምክሩ ከመከራከራችን በፊት መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባናል። ሆርሞን ማለት በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ዕጢዎች እየመነጨ በደም የሚዘዋወር፥ ዕድገትን፥ መልክንና ድምፅን የሚመራ ንጥረ ነገር ነው። የሴትነት ሆርሞኖች ከሆኑት ከኢስትሮጅኖች የመጀመሪያው በ1929፥ የወንድነት ሆርሞን የሆነው ቴስቶስትሮን ደግሞ በ1935 ተለይተው ታወቁ። ሴት ሆኖ የተወለደ ሰው ቴስቶስትሮን ቢወስድ በጥቂት ወራት ውስጥ ድምፁ ይጎረንናል፥ የወር አበባው ይቋረጣል፥ ቀስ በቀስም ጢም ያበቅላል። ወንድ ሆኖ የተወለደ ሰው ኢስትሮጅን ቢወስድ ቆዳው ይለሰልሳል፥ ጡት ያወጣል። ለውጡ በወራት ተጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

ከእነዚህ ለውጦች አንዳንዶቹ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳሉ፤ የጡንቻ ብርታትና የስብ አቀማመጥ ከነዚህ ወገን ናቸው። የጎረነነ ድምፅ ግን ተመልሶ አይቀጥንም፤ ያደገ ጡትም ያለ ቀዶ ሕክምና አይጠፋም። ልጅ የመውለድ ችሎታ ሊቀንስ፥ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል። ኢስትሮጅን ደም በሥር ውስጥ እንዲረጋ፥ ቴስቶስትሮን ደግሞ ደም እንዲወፍር ሊያደርግ ስለሚችል የሐኪም ክትትል የግድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሆርሞን እንደ መጥረቢያ ባንድ ምት የሚቈርጥ አይደለም፤ እንደ ወንዝ ቀስ እያለ አዲስ መሄጃ የሚያበጅ ነው። ወንዙ ገና ቀጭን ሳለ ሊመለስ ይችላል፤ ገደሉን ከቀደደ በኋላ ግን አይመለስም። የምክር ጊዜም ስለዚህ በመጀመሪያው ላይ ነው።

በጀርመን አገር ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለው ሐኪም እንዲህ ያሉትን ሰዎች የሚያጠናና የሚረዳ ተቋም በ1919 በበርሊን ከፍቶ ነበር፤ በ1933 ግን የናዚ ወገን የሆኑ ተማሪዎች ዘርፈው መጻሕፍቱን ባደባባይ አቃጠሉት። በ1952 የቀድሞዋ የአሜሪካ ወታደር ክርስቲን ጆርገንሰን ወንድ ሆና ከተወለደች በኋላ በዴንማርክ አገር ሆርሞንና ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሴት መሆኗ በጋዜጦች ሁሉ ወጣ። ያከማት ሐኪም ክርስቲያን ሃምቡርገር ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ሕክምና ከሚለምኑ 465 ሰዎች ደብዳቤ እንደ ደረሰው በ1953 አስታወቀ። እነዚያ ሰዎች ሁሉ አስቀድሞ የት ነበሩ? እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ነበሩ፤ ጆሮ መኖሩን በሰሙ ጊዜ ግን ጻፉ።

ሐኪሞቹም ተጨነቁ። ከደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ማን በእውነት ይህን ሕክምና እንደሚያስፈልገው፥ ማንስ በሌላ ኀዘን ተገፍቶ እንደ መጣ እንዴት ይለያል? ጭንቀታቸው የሚነቀፍ አልነበረም፤ ጤነኛ አካል ላይ እጁን የሚያነሣ ሐኪም ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበትና። ሃሪ ቤንጃሚን የተባለው ሐኪም በ1966 ስለ ነገሩ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። በስሙ የተሰየመው የሐኪሞች ማኅበርም በ1979 የመጀመሪያውን የሕክምና ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ሆርሞን የሚሻ ሰው አስቀድሞ የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቡና ሊቅ ዘንድ ቀርቦ፥ ከእርሱ የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። እንዲህ ሆኖ መካሪው በረኛ ሆነ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ አንባቢ ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመገመት አይቸግረውም። ባለ ጉዳይ ቁልፉን በያዘው ሰው ፊት ሲቀርብ የሚናገረው የልቡን አይደለም፤ በሩን የሚያስከፍተውን ነው። አቤቱታው በምን ቃል ቢጻፍ እንደሚሠምርለት አስቀድሞ ካለፉት ሰዎች ጠይቆ ይመጣል። ሳንዲ ስቶን የተባለችው አሜሪካዊት ምሁር በ1991 ባሳተመችው ጽሑፍ እንዳመለከተችው፥ ሐኪሞቹ የታካሚዎቻቸው የሕይወት ታሪክ ሁሉ በቤንጃሚን መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ሆኖ ስላገኙት ደስ ብሏቸው ነበር፤ ታካሚዎቹ ያንኑ መጽሐፍ እየተዋዋሱ እንዳነበቡት ያወቁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። መርማሪው የጠየቀው እውነቱን ለማወቅ ነበር፤ የተመለሰለት የራሱ መጽሐፍ ነው።

እውነቱን የተናገረ ሰውስ? ሉ ሰሊቫን የተባለው አሜሪካዊ ሴት ሆኖ ተወልዶ እንደ ወንድ ይኖር ነበር። በ1980 ገደማ ለሕክምና ባመለከተ ጊዜ ወንድ ሆኖም ወንዶችን እንደሚወድ አልሸሸገም። ይህ የሐኪሞቹ መጽሐፍ ከሚለው ጋር ስላልገጠመ ጥያቄው ተቀባይነት አጣ። በሌላ ቦታ ሕክምናውን አግኝቶ ደንቡ እንዲለወጥ ሲሟገት ኖሮ በ1991 ሞተ። ስለዚህ ሰው ምርጫና አኗኗር እያንዳንዱ አንባቢ እንደ ሃይማኖቱና እንደ ልማዱ የራሱ ፍርድ ይኖረዋል፤ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። በዚያ በር ላይ ውሸታም ያልፍ ነበር፥ እውነተኛ ይመለስ ነበር። እውነት የሚቀጣበት ምክር ምክር አይደለም።

እንግዲህ በሩ ጨርሶ ይነሣ እንበልን? ይህን ከማለታችን በፊት ሌላውን ወገን መስማት ይገባናል። ኪራ ቤል የተባለችው እንግሊዛዊት በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጕርምስናን የሚያቆም መድኃኒት፥ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ቴስቶስትሮን ጀመረች፤ በሃያ ዓመቷ ጡቶቿ በቀዶ ሕክምና ተወገዱ። ከዚያ በኋላ ተጸጽታ ወደ ሴትነት ኑሮዋ ተመለሰች። ጉዳይዋንም ለፍርድ ቤት አቀረበች፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2020 ወደ እርሷ ያደላ ፍርድ ቢሰጥም ይግባኝ ሰሚው በ2021 ሻረው። የእርሷ ወቀሳ ሐኪሞቹ ከለከሉኝ የሚል አይደለም፤ በሚገባ አልጠየቁኝም፥ ሐሳቤን አልፈተኑትም የሚል ነው። በ2024 በዶክተር ሂላሪ ካስ የወጣው የእንግሊዝ አገር ጥናትም ስለ ልጆች የሚሰጠው ሕክምና የተመሠረተበት ማስረጃ ደካማ መሆኑን አመልክቶ፥ የልጁ ኑሮና ጤና በጠቅላላ እንዲመረመር፥ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ሆርሞን ሲሰጥም ከፍ ያለ ጥንቃቄ እንዲደረግ መክሯል።

የሰሊቫንና የቤል ነገር ተቃራኒ ይመስላል። አንዱ በሩ ተዘጋብኝ ይላል፤ ሌላዋ በሩ ያለ ጠባቂ ተከፈተልኝ ትላለች። ስለዚህ ተከራካሪዎቹ አንዱን ወይም ሌላዋን እየጠቀሱ «ይከፈት»፥ «ይዘጋ» ይባባላሉ። ነገሩን በጥሞና የተመለከተ ሰው ግን የሁለቱ አቤቱታ አንድ መሆኑን ያያል፤ እርሱም «የሰማኝ ሰው አልነበረም» የሚል ነው። ሰሊቫንን የጠየቀው ሰው መልሱን ከመጽሐፍ ጋር ያስተያይ ነበር፤ የቤል ሐኪሞች ደግሞ እርሷ እንደምትለው መልሱን እንደ መጣ ተቀበሉት። ስለዚህ ጉድለቱ በበሩ መከፈትና መዘጋት ላይ ሳይሆን በሩ አጠገብ በተቀመጠው ሰው ሥራ ላይ ነው።

ወደ ኋላ ስለማይመለስ ሥራ በአገራችን ረጅም ልምድ ያለው ገዳም ነው። መመንኰስ የሚሻ ሰው በመጣበት ቀን አይመነኵስም። አስቀድሞ አመክሮ ይገባል፤ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ አረጋውያንን ያገለግላል። ቆቡን በሚቀበልበት ቀን ለሙታን የሚደረሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፤ ለዚህ ዓለም እንደ ሞተ ይቈጠራልና። ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ አመክሮ ሰውን የሚፈትነው በቃሉ ሳይሆን በኑሮው ነው፤ አፍ መልስ ሊያጠና ይችላል፥ ለዓመታት ውሃ የቀዳ ጀርባ ግን ለማስመሰል አይመቸውም። ሁለተኛ፥ አመክሮ የገባ ሰው «አልሆነልኝም» ብሎ ቢመለስ ነውር የለበትም፤ መመለሻው ክፍት የሆነ ፈተና ደግሞ ሰውን አያስዋሽም።

ሆኖም ምሳሌው እስከ መጨረሻ አያዘልቅም። በአመክሮ የሚቆየው ሰው በመቆየቱ ሰውነቱ አይለወጥም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ቢጠብቅም ይለወጣል፤ የወንዱ ድምፅ ይጎረንናል፥ የሴቲቱ ጡት ያድጋል፤ ተፈጥሮ የሐኪም ቀጠሮ አትጠብቅም። ሙሉ ሰውም ቢሆን በጭንቀት የሚያሳልፈው ዓመት ከዕድሜው የሚቀነስ ነው። ስለዚህ «ቈይ» የሚለው ቃል ምንም የማያስከፍል ቃል መስሎ ሊታየን አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደ ተባለ፥ የፈሰሰው ነገር የገዛ ሰውነት ሲሆን መልቀሙ እጅግ አድካሚ ነው። በሁለቱ መካከል የሚያስታርቀው መጠበቅና መተው አንድ አለመሆናቸውን ማወቅ ነው። ብቻውን የሚጠብቅ ሰው የተተወ ነው፤ ሰው አብሮት የሚጠብቅ ግን በመጠበቁ ውስጥ ራሱን እያወቀ ይሄዳል።

ከዚህም የተነሣ መካሪና በረኛ ሊለያዩ ይገባል የሚል ነው ሐሳቤ። የመካሪ ሥራ መስማት ነው። ኀዘኑ የመጣው ከጾታው ነው ወይስ ከደረሰበት ግፍ፥ ከሞተበት ዘመድ፥ ከሌላ የአእምሮ ጭንቀት? ድምፁ ከተለወጠ በኋላ በእናቱ ፊት እንዴት ይቆማል? ልጅ መውለድ ቢቀርበት ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ይሰማዋል? ሰው ሁሉ ቢርቀው ማን ከጎኑ ይቀራል? እነዚህን ጥያቄዎች ሰው በእውነት የሚመልሳቸው መልሱ እንደማይቀጣው ሲያውቅ ብቻ ነው። መድኃኒቱን የመስጠትና የመከልከል ኃላፊነት ደግሞ ብዕሩን የያዘው ሐኪም ነው፤ እርሱም ሰውየው የሚያደርገውን ያውቃል ወይ፥ ሰውነቱስ ይችለዋል ወይ ብሎ በግልጥ ይመርምር፥ በግልጥም ይፍረድ፤ መካሪውን ሰላይ አያድርገው።

የዓለም ሐኪሞችም ቀስ በቀስ ወደዚህ አዝማሚያ መጥተዋል። በ2001 የወጣው ስድስተኛው የሕክምና ደንብ ከሆርሞን በፊት ሰውየው ሦስት ወር ያህል በሚሻው ጾታ እንዲኖር፥ ወይም በአብዛኛው ከሦስት ወር ያላነሰ ምክር እንዲቀበል ያዝዝ ነበር። በ2011 የወጣው ሰባተኛው ደንብ ምርመራውን ሳይተው፥ የሥነ ልቡና ምክር ይጠቅማል እንጂ የማይታለፍ ግዴታ አይደለም አለ። በ2022 የወጣው ስምንተኛው ለሙሉ ሰው የአንድ ብቁ ባለሙያ ምርመራ ይበቃል ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው መዝገብ ይህን ሁኔታ ከአእምሮ በሽታዎች ተራ አውጥቶታል። ግዴታው ሲቀልል ግን ምክሩም አብሮ እንዳይቀር ያሠጋል፤ ሰው ወደማይገደድበት ምክር በፈቃዱ የሚመጣው መካሪው ጥሩ ሰው ሲሆን ብቻ ነውና።

«ሙሉ ሰው ከሆነ ምክር ምን ያደርግለታል? የገዛ አካሉ አይደለምን?» የሚል ቢኖር፥ ምክር ነጻነትን አይቀንስም ብለን እንመልስለታለን። ነገሥታትም አማካሪ የነበራቸው ሥልጣን አንሷቸው አልነበረም። «እንግዲያው የመካሪውን ቃል ካልሰማ ይከልከል» ለሚለው ደግሞ የገዛ ምሳሌያችን መልስ ይሰጠዋል። «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። ምሳሌው ሁለት ጊዜ ምከረው ይላል እንጂ እሰረው አይልም። ሁለት ጊዜ ማለቱ ሰው ባንድ ጊዜ ምክር እንደማይረካ ስለሚያውቅ ነው፤ እሰረው አለማለቱም ሙሉ ሰው የገዛ ኑሮውን መከራ ራሱ እንደሚሸከም ስለሚያውቅ ነው። ስለ ልጅ በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይለያል፤ የልጅ መከራ የወላጅና የሐኪም ዕዳ ነውና፥ ምክሩ ሊረዝም፥ ጥንቃቄውም ሊከብድ ይገባል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባው ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር የአእምሮ ሕክምና ታሪካችን የተሳሰረ ነው፤ በዚያ ሆስፒታል ለነርሶች የአእምሮ ሕክምና ትምህርት መሰጠት የጀመረው በ1987፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን በዚህ ሙያ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ነው። ባለሙያው ዛሬም ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። በይጁቤ ወይም በአካባቢዋ ገጠር አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢያድርበት የሚያገኘው የነፍስ አባቱን፥ አስተማሪውን፥ የጤና ጣቢያ ባለሙያውን፥ ወይም አክስቱን ነው። ከነዚህ አንዱም በሆርሞን ላይ ሥልጣን የለውም። እንግዲህ በእኛ ዘንድ በረኛ የለም፤ በሩም የለምና። ይህ ማለት ግን የመካሪነት ሥራ የለብንም ማለት አይደለም። እንዲያውም ከቁልፍ የተለየ ንጹሕ ምክር ሊገኝ የሚችለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ይህ ሥራ ከባድ ቢሆንም ረቂቅ አይደለም። አስተማሪ ምሥጢር የነገረውን ተማሪ በክፍል መሳቂያ አያድርገው፤ የሰማውንም ወደ ገበያ አያውጣው። አባት ከመቈጣቱ በፊት ይጠይቅ፤ ዱላ ልጅን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያሳምነውም፥ ዝም ያለ ልጅም ምን እያሰበ እንዳለ ማንም አያውቅም። በሕይወቱ ተስፋ የቈረጠ መስሎ የታየውን ደግሞ ጊዜ ሳይወስዱ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ሕግና ሃይማኖት ስለ ነገሩ የሚሰጡት ፍርድ ምንም ይሁን ምን፥ ከእነዚህ ግዴታዎች አንዱም በፍርዱ አይሻርም። የሰውን ቃል እስከ መጨረሻ መስማት ቃሉን ማጽደቅ አይደለም፤ ከመስማት በፊት የተሰጠ ፍርድ ግን፥ ትክክለኛ ቢሆን እንኳ፥ ፍርድ ተብሎ አይጠራም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። አነጋገሩ ስለ በሽታ ብቻ ሳይሆን ስለ ማንኛውም የተሸሸገ ጭንቀት እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ሁልጊዜ የምንናገረው በሚደብቀው ሰው ላይ ነው። የደበቀውን ከመውቀሳችን በፊት፥ ቢገልጠው ኖሮ በመንደራችን፥ በትምህርት ቤታችን፥ በመሥሪያ ቤታችን ሳይስቅ የሚሰማው አንድ ሰው ያገኝ እንደ ነበር እያንዳንዳችን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል።